ጭነቱን ያስወደደው ዘበኛው አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በየስልኩ ሲዞር ከርሟል። ለእኔ ብቻ ከአምስት ሰው ደርሶኛል። ከአምስቱ ሦስቱ «ይኸው፣ የምንዘረፈው እንዲህ ነው» የሚል ነገር ጨምረውበታል። ጽሑፉ ስለ ባሕር ጭነት ዋጋ ነው። መደምደሚያው ደግሞ አጭር ነው። ዋጋው የናረው በባሕር ደህንነት ደንቦች ምክንያት ነው፤ ደንቦቹ ቢነሱ በግማሽ ይወርዳል ይላል።

እኔ ለዓመታት የጭነት ሰነድ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። የመርከብ ድርጅት የሚልከውን ሂሳብ መስመር በመስመር ማየት የዕለት ሥራዬ ነበር። ጽሑፉን ሁለቴ አነበብኩት። በደንብ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ለሸማቹ ማሰባቸውም ያስታውቃል። ዋናው ሐሳብ ግን ልክ አይደለም። ሰው አምኖበት ሲቀባበለው ዝም ማለት ከበደኝ።

መጀመሪያ እሳቸው ያሉትን እንዳሉት ላስቀምጥ። ከ2004 ወዲህ የመጡት የደህንነት ደንቦች የጭነት ዋጋን አንረዋል። በደንቦቹ ምክንያት እያንዳንዱ ኮንቴይነር እየተከፈተ ስለሚፈተሽ ዕቃ ወደብ ላይ ይጉላላል። የባሕር ወንበዴ ጉዳይ ተጋንኖ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችና የታጠቁ ጠባቂዎች መክበሪያ ሆኗል። ይህ ሁሉ ወጪ ወጥቶም ቀይ ባሕር ላይ መርከቦች ተመትተዋል፤ ስለዚህ ደንቡ አይሠራም። መፍትሔው ደንቦቹን ማንሳት ነው። በመሃል ስለ መርከበኞች የጻፉት አንድ አንቀጽም አለ፤ እሱን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከዋጋው እንጀምር። ደንብ ሲባል በዋናነት የሚወራው አይኤስፒኤስ ስለሚባለው ኮድ፣ ማለትም ስለ መርከቦችና ወደቦች ደህንነት ዓለም አቀፍ ደንብ ነው። በኦክቶበር 2000 ዩኤስኤስ ኮል የተባለው የጦር መርከብ ኤደን ወደብ ላይ ፈንጂ በጫነች ጀልባ ተመታ። ዓመት ሳይሞላው የሴፕቴምበር 2001 ጥቃት አሜሪካ ላይ ደረሰ። በኦክቶበር 2002 ደግሞ ሊምበርግ የተባለ ነዳጅ ጫኝ መርከብ በየመን ባሕር ላይ በተመሳሳይ መንገድ ነደደ። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት፣ አይኤምኦ፣ በዲሴምበር 2002 ኮዱን አጸደቀ። ከጁላይ 1 ቀን 2004 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ።

ኮዱ የሚጠይቀው ምንድን ነው? በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ ያለ፣ 500 ግሮስ ቶንና ከዚያ በላይ የሆነ የጭነት መርከብ የደህንነት ዕቅድ ይኑረው ይላል። ለዚህ ኃላፊ ይመደብ። መርከቡ ወደብ ሲቆም መወጣጫው ላይ ሰው ይቁም፤ የሚወጣ የሚወርደው ይመዝገብ። ድምፅ ሳያሰማ የድረሱልኝ ጥሪ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ይገጠም። ወደቡም የሚቆጣጠረው በር፣ የሚያውቃቸው ሰዎችና የራሱ ኃላፊ ይኑሩት። በጥቅሉ ይኸው ነው።

ዋጋው ገና ከመነሻው ተሰልቷል። የበለጸጉት አገሮች የኢኮኖሚ ድርጅት፣ ኦኢሲዲ፣ በ2003 ባወጣው ጥናት የመርከብ ባለቤቶች ለመጀመሪያው ዝግጅት ቢያንስ 1.279 ቢሊዮን ዶላር፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በየዓመቱ 730 ሚሊዮን ዶላር ያህል ያወጣሉ ብሎ ገመተ። የወደቦቹን ወጪ ያሰላው የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ድርጅት፣ አንክታድ፣ ነው። በ2007 ጥናቱ የመጀመሪያ ወጪያቸውን ከ1.1 እስከ 2.3 ቢሊዮን ዶላር፣ ዓመታዊውን ከ0.4 እስከ 0.9 ቢሊዮን ዶላር አደረሰው። ቁጥሩ ብቻውን ሲታይ ያስደነግጣል። ጸሐፊውም «ቢሊዮኖች» ብለው ያለፉት ለዚህ ይመስለኛል። ሆኖም ያው ጥናት ቁጥሩን ለዓለም የባሕር ጭነት ከሚከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ጋር አነጻጽሮታል። የወደቦቹ የመጀመሪያ ወጪ ከዚያ 1 በመቶ ገደማ ነው። ዓመታዊው ደግሞ 0.5 በመቶ ገደማ።

ሂሳቡ ላይ ሲመጣ ደግሞ እንዲህ ነው። አንድ የመርከብ ድርጅት ሂሳብ ክፈቱ። ከላይ የባሕር ጭነቱ ዋጋ አለ። ከሥሩ የነዳጅ ማስተካከያ፣ የተርሚናል አገልግሎት፣ የሰነድ ክፍያ ይደረደራሉ። ታች ላይ አንዲት ትንሽ መስመር አለች፤ የደህንነት ክፍያ ትላለች። በብዙ ወደቦች ለአንድ ኮንቴይነር ከጥቂት ዶላር እስከ 20 ዶላር ገደማ ናት። 15 ናት እንበል። የጭነቱ ዋጋ 1,500 ዶላር ከሆነ 1 በመቶ ናት። 10,000 ዶላር ከሆነ ደግሞ 0.15 በመቶ።

10,000ን በዘፈቀደ አላመጣሁትም። ድሩሪ የተባለው ተቋም በዋና ዋና መስመሮች ላይ የአንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ማጓጓዣ ዋጋን በየሳምንቱ ይለካል። በ2019 አማካዩ 1,420 ዶላር ገደማ ነበር። በሴፕቴምበር 2021 ከ10,300 ዶላር አለፈ። በኦክቶበር 2023 ተመልሶ ወደ 1,340 ዶላር ወረደ። እስኪ ጸሐፊው ይህን ያስረዱን። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ አይኤስፒኤስ አልተነሳም፣ አልተመለሰም። መወጣጫው ላይ የሚቆመው መርከበኛ ያው ነው። የወደቡ በር ያው ነው። ዋጋው ግን ሰባት እጥፍ ወጥቶ ወረደ። የተለወጠው ሌላ ነው። በወረርሽኙ ጊዜ ቤቱ የተዘጋበት ሰው ዕቃ ማዘዙን አበዛ። ወደቦች ተጨናነቁ። በሎስ አንጀለስና በሎንግ ቢች ፊት ከ100 በላይ መርከቦች ወረፋ የያዙበት ጊዜ ነበር። ባዶ ኮንቴይነር ከሚፈለግበት ቦታ ጠፋ። ቦታ ሲጠብ ለቦታው የሚከፈለው ይጨምራል። ወረፋው ሲፈታ ዋጋውም ተፈታ።

እዚህ ላይ ጸሐፊውን ያሳሳታቸው አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ጥፋቱም በከፊል የቋንቋችን ነው። በአማርኛ «ደህንነት» ስንል ሁለት ነገር ነው። አንዱ ከአደጋ መጠበቅ ነው፤ መርከብ እንዳይሰጥም፣ እሳት እንዳይነሳ። ሌላው ከክፉ ሰው መጠበቅ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን በአንድ ከረጢት ከተዋቸዋል። የአካባቢ ጥበቃንም ጨምረውበታል። ለምሳሌ ዋጋ አናሩ ካሏቸው «የደህንነት ደንቦች» አንዱ በጃንዋሪ 2020 የመጣው የነዳጅ ደንብ ነው። እሱ በመርከብ ነዳጅ ውስጥ ያለው ሰልፈር ከ3.5 ወደ 0.5 በመቶ እንዲወርድ ያዘዘ ነው። ነዳጁን አስወድዷል፤ አልክድም። ያ ግን ስለ አየር ብክለት ነው።

ሌላው በጁላይ 2016 የመጣው፣ ኮንቴይነር ከመጫኑ በፊት ክብደቱ ተረጋግጦ ይገለጽ የሚለው ደንብ ነው። እሱም ከአደጋ ለመጠበቅ ነው። በጃንዋሪ 2007 ኤምኤስሲ ናፖሊ የተባለችው መርከብ በእንግሊዝ ቻናል ተሰነጠቀች። ከላይ የነበሩት 660 ገደማ ደረቅ ኮንቴይነሮች ተመዘኑ። የ137ቱ ክብደት ከተገለጸው ከ3 ቶን በላይ የተለየ ሆኖ ተገኘ። ከአምስት አንዱ ማለት ነው። ይህን ሚዛን ከደህንነት ጥበቃ ወጪ ጋር ደምሮ «ዘበኛው አስወደደ» ማለት አያስኬድም።

ወደ ፍተሻው ልሂድ። «እያንዳንዱ ኮንቴይነር እየተከፈተ ይፈተሻል» የሚለው በፍጹም ስህተት ነው። የዓለም ወደቦች በዓመት፣ በባለ 20 ጫማ ሲቆጠር፣ ከ800 ሚሊዮን በላይ ኮንቴይነር ያስተናግዳሉ። አንዱን ከፍቶ፣ አራግፎ፣ መልሶ ለመጫን ሰዓታት ይፈጃል። ሁሉም ቢከፈት ንግዱ በሳምንት ይቆማል። የሚደረገው ሌላ ነው። ሰነዱ አስቀድሞ ይላካል፤ የሚያጠራጥረው ይለያል፤ ከመቶ ጥቂቶቹ ይታያሉ። ከሚታዩትም ብዙዎቹ በኤክስሬይ ያልፋሉ እንጂ በራቸው አይከፈትም።

ጸሐፊው የጠቀሱት የ24 ሰዓት ደንብም የዚሁ አካል ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ኮንቴይነር መርከብ ላይ ከመጫኑ 24 ሰዓት በፊት ማኒፌስቱ፣ ማለትም የጭነቱ ዝርዝር፣ እንዲላክ ያዛል። ከ2003 መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራል። አዎ፣ መርከብ ድርጅቶች ለዚህ የሰነድ ክፍያ ጨምረዋል። በአንድ ቢል ኦፍ ሌዲንግ (የጭነት ማረጋገጫ ሰነድ) 25 ዶላር ገደማ ሲያስከፍሉ አይቻለሁ። ክፍያው ከሥራው ይበልጣል ብለው ከከሰሱ እኔም አብሬ እፈርማለሁ። መረጃ መላክ ይህን ያህል አይፈጅም። ይሁን እንጂ ያው መረጃ ቀድሞ ስለደረሰ ነው ብዙው ዕቃ መርከቡ ሳይቆም የሚለቀቀው።

መጓተቱ ከየት እንደሚመጣ ከራሴ ልንገራችሁ። የኮንቴይነር በር የሚታሸገው በብረት ነው። የጣት ውፍረት ያለው ዘንግ ከራሱ ውስጥ ይገባና «ቀጭ» ይላል። ከዚያ በኋላ በብረት መቁረጫ ካልሆነ አይፈታም። ላዩ ላይ ቁጥር አለው፤ ያ ቁጥር ሰነዱ ላይ ይጻፋል። አንድ ጊዜ የላኪው ሠራተኛ 6ን 8 ብሎ ጻፈ። ኮንቴይነሩ ወደቡ ሲደርስ ቁጥሩ አልገጠመም። ማሸጊያው በመንገድ ተቀይሮ ቢሆንስ? ተያዘ። ማስተካከያ ደብዳቤው ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ እስኪደርስ አምስት ቀን ሄደ። የማቆያው ክፍያ ቆጠረ። አስመጪው ስልክ ላይ ሲጮህብኝ «ይሄ የደህንነት ነገር ገደለን» አለኝ። እውነቱን ነው ያመመው። ግን የአምስት ቀኑ መነሻ አንዲት የተሳሳተች አኃዝ ናት። ማሸጊያው ሁለት ሦስት ዶላር አያወጣም። ያ ቁጥር ባይኖር ደግሞ በመንገድ ላይ በሩ ተከፍቶ ግማሹ ዕቃ ቢወጣ ማን ያውቅ ነበር?

በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው የያዙት አንድ ትክክለኛ ነገር አለ። አሜሪካ በ2007 ያወጣችው ሕግ ወደ እሷ የሚሄድ ኮንቴይነር በሙሉ በውጭ ወደብ ላይ በማሽን እንዲታይ አዞ ነበር። ቀነ ገደቡ 2012 ነበር። አልተቻለም፤ እየተራዘመ ነው የኖረው። እሱ ቢተገበር ኖሮ ስለ መጉላላቱ የጻፉት እውነትነት ይኖረው ነበር። ነገር ግን ያልተተገበረ ሕግ ዋጋ አያንርም።

የወንበዴዎቹ ጉዳይ ነው በጣም ያስከፋኝ። «ተጋንኗል» ይላሉ። ዓለም አቀፉ የባሕር ቢሮ በ2011 ብቻ ከሶማሊያ ወንበዴዎች ጋር የተያያዙ 237 ጥቃቶችን መዝግቧል። በኖቬምበር 2008 ሲሪየስ ስታር የተባለች፣ 2 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ድፍድፍ ነዳጅ የጫነች ግዙፍ መርከብ ተጠልፋለች። መርከበኞች ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት ታግተው ኖረዋል። የዓለም ባንክ በ2013 ባወጣው ጥናት ውንብድናው የዓለምን ንግድ በዓመት 18 ቢሊዮን ዶላር ያህል ያስከፍለዋል ብሏል። ይህን ከላይ ካየነው የደንብ ወጪ አጠገብ አስቀምጡት።

ከዚያስ ምን ሆነ? የጦር መርከቦች ተሰማሩ፤ የአውሮፓ ኅብረት አታላንታ የተባለው ዘመቻ በዲሴምበር 2008 ጀመረ። የንግድ መርከቦች ጠርዛቸውን በእሾህ ሽቦ አጠሩ። መርከበኞቹ ቆልፈው የሚሸሸጉበት ክፍል አዘጋጁ። በአደገኛው ቀጠና ፍጥነት ጨመሩ። ብዙዎቹ የታጠቁ ጠባቂዎችን ጫኑ። በ2012 ጥቃቱ ወደ 75፣ በ2013 ወደ 15 ወረደ። «ጥቃት ከሌለ ጥበቃው ለምን?» የሚለው የጸሐፊው ጥያቄ መልሱ እዚሁ ቁጥር ውስጥ ነው። በጃንዋሪ 2023 የመርከብ ኢንዱስትሪው ራሱ የሕንድ ውቅያኖስን ከፍተኛ ሥጋት ቀጠና ሰረዘው፤ ስለዚህ ሥጋቱን ለገንዘብ ሲባል ይዘውት ኖረዋል ማለትም አይቻልም። በዲሴምበር 2023 ሩየን የተባለችው መርከብ ተጠለፈች። ወንበዴዎቹ ጥበቃው ሲላላ ጊዜ አልፈጁም።

ጠባቂ ማስታጠቅ ያለ ችግር አይደለም። በፌብሩዋሪ 2012 በአንድ የንግድ መርከብ ላይ የተመደቡ የጣሊያን ወታደሮች ሁለት ሕንዳውያን ዓሣ አጥማጆችን ወንበዴ መስለዋቸው ገድለዋል። በዚህ ላይ ጠንካራ ሕግ ያስፈልጋል ካሉ እስማማለሁ። እሳቸው የጻፉት ግን ይህን አይደለም።

አሁን ቀይ ባሕር። ጽሑፉ ብዙ ሰው የገዛው በዚህ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው። በኖቬምበር 19 ቀን 2023 የየመን ሁቲዎች ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መርከብ በሄሊኮፕተር ወርደው ያዟት። 25ቱ መርከበኞች የተለቀቁት በጃንዋሪ 2025 ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ማዳበሪያ የጫነችው ሩቢማር ተመታች፤ ከቀናት በኋላም ሰጠመች። በማርች 2024 ትሩ ኮንፊደንስ ላይ ሦስት መርከበኞች ሞቱ። ጸሐፊው «ደንቡ የት ነበር?» ይላሉ።

ደንቡ ለዚህ አልተሠራም። አይኤስፒኤስ ሰው በስውር መርከብ ላይ እንዳይወጣ፣ ወደብ ውስጥ ፈንጂ እንዳይገባ የተሠራ ነው። ሚሳይል የሚመልስ አንቀጽ የለውም፤ ይመልሳል ያለም የለም። የቤት በር ቁልፍ ጎርፍ አላስቆመም ተብሎ ቁልፉ አይነቀልም።

ይልቅ ቀይ ባሕር የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው፤ ዋጋ የሚያንረው የጥበቃ መጥፋት ነው። ሂሳቡን እንሥራ። ከጥቃቱ በፊት በዚያ መስመር ለማለፍ የጦርነት አደጋ ኢንሹራንስ ከመርከቡ ዋጋ ከ0.1 በመቶ በታች ነበር። በ2024 መጀመሪያ ከ0.7 እስከ 1 በመቶ ደረሰ። መርከቡ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ከሆነ አንዴ ለማለፍ ከ700,000 እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው። ለአንድ ማለፊያ! ብዙዎቹ ድርጅቶች ይህንንም ትተው በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ፣ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ በኩል ዞሩ። ከእስያ ወደ ሰሜን አውሮፓ 3,500 ገደማ የባሕር ማይልና ከ10 እስከ 14 ቀን ይጨምራል።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር። የዙሪያው ጥምጥም ነዳጅ ብቻ አይደለም የሚበላው፤ መርከብም ይበላል። አንድ መስመር በየሳምንቱ መርከብ ይነሳበታል እንበል። ደርሶ መልሱ 84 ቀን ከሆነ 12 መርከብ ይበቃዋል። 98 ቀን ሲሆን ያንኑ አገልግሎት ለመስጠት 14 ያስፈልጋል። አንድም ተጨማሪ ሳጥን ሳይጫን ሁለት መርከብ ጠፋ። ይህን በየመስመሩ አባዙት። ቦታ ጠበበ፤ ዋጋ ወጣ። ያ ቅድም ያየነው የድሩሪ መለኪያ በጁላይ 2024 ወደ 5,900 ዶላር ተጠጋ። የስዊዝ ቦይ ማለፊያ ክፍያ መቅረቱ ለድርጅቶቹ የተወሰነ ቅናሽ ነው፤ አጋጣሚውን ተጠቅመው ያተረፉም አሉ። ይህን ጸሐፊው ቢያነሱት ኖሮ ጥሩ ክርክር ይወጣው ነበር። ያም ሆኖ በዚህ ሁሉ ውስጥ የ15 ዶላሯ መስመር ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ቀሪው «ደንቦቹ ይነሱ» የሚለው ነው። በግማሽ ይወርዳል ያሉት ከየት እንደመጣ ጽሑፉ ውስጥ ስሌት የለም። ከ1,500 ላይ 15 ብትቀንሱ 1,485 ነው። ሰነዱንም፣ መወጣጫው ላይ የሚቆመውንም፣ ሌላውንም ደምሩበትና እጥፉት፤ ግማሽ አይሞላም።

ደንቡ በሌለበት ምን እንደሚሆን ለማወቅ ደግሞ መገመት አያስፈልግም። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በወደቦቻቸው በቂ የደህንነት ጥበቃ የላቸውም የሚላቸውን አገሮች ስም ያወጣል። ካለፉት አምስት የወደብ ጉብኝቶቿ በአንዱ እዚያ የቆመች መርከብ ወደ አሜሪካ ስትመጣ ተጨማሪ ግዴታ አለባት። እዚያ ወደብ እያለች ከፍ ባለው የጥንቃቄ ደረጃ ሠርታ፣ እያንዳንዱን መውጫና መግቢያ አስጠብቃ፣ ያንን መዝግባ መምጣት ይኖርባታል። ወጪው የመርከቡ ነው፤ መጨረሻ ላይ የላኪው ነው። ስለዚህ ጥበቃ የሌለው ወደብ ርካሽ ወደብ አይደለም። ኮዱ ቢነሳ እያንዳንዱ አገር የራሱን መስፈርት ያወጣል፤ ኢንሹራንሱም የራሱን። ዛሬ አንዱ የምስክር ወረቀት በሁሉም ወደብ ይሠራል።

አንድ ተጨማሪ ምሳሌ። በጁን 2017 ኖትፔትያ የተባለው የኮምፒውተር ጥቃት ሜርስክ የተባለውን ትልቅ የመርከብ ድርጅት መታው። ኩባንያው ጉዳቱን ከ200 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር አድርሶታል። 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ መጫን ነበረበት። የመርከብ ድርጅቶች የኮምፒውተር አደጋን በአስተዳደር ሥርዓታቸው እንዲያካትቱ የአይኤምኦ ውሳኔ መተግበር የጀመረው ከ2021 ነው። አንድ ኩባንያ በሳምንታት ውስጥ ያጣውን ገንዘብ፣ ኦኢሲዲ ለዓለም መርከብ ሁሉ ከገመተው የ730 ሚሊዮን ዓመታዊ ወጪ ጋር አስተያዩት።

ደንቡ ትናንሾቹን ወደቦች ይከብዳል በሚለው ግን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። አጥርና ካሜራ ለትልቁም ለትንሹም ወደብ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ትልቁ በሚሊዮን ኮንቴይነር ያካፍለዋል፤ ትንሹ በጥቂት ሺህ። የአንክታድ ጥናትም የትናንሾቹ ወጪ በአንድ ኮንቴይነር ሲካፈል ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ይህ ድጋፍ የሚያሻው ጉዳይ ነው።

ስለ መርከበኞቹ የጻፉትንም ሳነብ ቆም ብያለሁ። እዚህ ልክ ናቸው፤ እንዲያውም አሳንሰውታል። በደንቡ ስም ብዙ ተርሚናሎች መርከበኛን ከመርከቡ አላስወርድ ብለዋል። ወር ሙሉ ባሕር ላይ የቆየ ሰው አጥሩን በዓይኑ እያየ፣ ሲም ካርድ እንኳ ሳይገዛ ተመልሶ ይሄዳል። አንዳንዱ ተርሚናል ከመርከቡ እስከ በሩ ላለችው ጥቂት መቶ ሜትር ለአጃቢ መኪና ክፍያ ይጠይቀው ነበር። ኮዱ ራሱ መርከበኛ ወደ የብስ የመውጣት መብቱ ከግምት እንዲገባ ይጠይቃል። አሜሪካ በ2019 ባወጣችው ደንብ ተርሚናሎች መርከበኛውን ሳይዘገዩና ሳያስከፍሉት እንዲያሳልፉ አስገድዳለች። አጥሩም ካሜራውም አልተነሳም፤ ሰውየው ግን ወርዶ ቤቱ ደወለ። ጸሐፊው ቀጣዩን ጽሑፋቸውን ሌሎች ወደቦችም ይህን እንዲያደርጉ ለመጠየቅ ቢያውሉት፣ ለማጋራት የመጀመሪያው እኔ ነኝ።